«ከእኛ ወጥቷል»፣ «እኛ ጋ አልገባም»፦ በመሃል ያለው ብር የማን ነው?

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

የምኖረው ቁስቋም ነው። አከራዬ እዚያው ግቢ ውስጥ ናቸው፤ ከክፍሌ በር እስከ ሳሎናቸው አሥራ አምስት እርምጃ ቢሆን ነው። ኪራዬን ጥሬ ብር ቆጥሬ ብሰጣቸው ኖሮ ነገሩ በአንድ ደቂቃ ያልቅ ነበር። እኔ ግን ዘመናዊ ነኝና በስልኬ ላክሁላቸው፤ ከባንክ ሂሳቤ ወደ ሞባይል ገንዘባቸው። የእኔ ስልክ «ተቆርጧል» የሚል መልእክት አመጣ። የእሳቸው ስልክ ዝም አለ።

«እማማ፣ ገባልዎት?»

«ኧረ ምንም የለም ልጄ። ስልኬ ድምፅም አላሰማ።»

«እኔ ጋ ተቆርጧል እኮ፤ ይኸው ይዩት።»

«እኔ ምኑን አውቀዋለሁ ብለህ ነው። አላምንህም ማለቴ እንኳ አይደለም...»

«አላምንህም ማለቴ አይደለም» የምትለዋን አነጋገር ሁላችንም እናውቃታለን። ሰው መጠራጠር ሲጀምር የሚላት ነገር ናት።

በማግስቱ ባንክ ሄድኩ። ልጅቷ ኮምፒውተሯን አየችና «ከእኛ ወጥቷል» አለችኝ። ወደ ሌላኛው ድርጅት ደወልኩ፤ «እኛ ጋ አልገባም» አሉኝ። ሁለቱም አልዋሹም። ብሩ ግን የለም። ከጓደኛዬ ተበድሬ ኪራዬን ሁለተኛ ከፈልኩ። በዘጠነኛው ቀን ብሩ ድምፁን አጥፍቶ ወደ እኔው ሂሳብ ተመለሰ። ይቅርታ ያለኝም፣ ምን እንደተፈጠረ የነገረኝም የለም።

ይህ የእኔ ብቻ ታሪክ ቢሆን ኖሮ ጊዜያችሁን አልወስድም ነበር። ነዳጅ ማደያ ላይ ከፍሎ «አልገባም» ሲባል ከኋላው ያለው ሹፌር ክላክስ የነፋበት፣ ለሆስፒታል ልኮ መድኃኒት ያልተሰጠው፣ ባለሱቁ «ይግባና ትወስደዋለህ» ብሎ ዘይቱን መልሶ መደርደሪያ ላይ ያስቀመጠበት ሰው ከመካከላችሁ ብዙ ነው። «ሲስተም የለም» የሚለውን እንደ ክረምት ዝናብ ለምደነዋል። ጃንጥላ ይዘን እንጠብቃለን እንጂ «ማን አመጣው?» አንልም።

የእኔ ክርክር አንድ ነው። ብር በሁለት ሲስተም መሃል የሚጠፋው በአብዛኛው በንድፍ ጉድለት ነው። ንድፉ ጉድለት እንዳለበት ደግሞ አንድ ብር እንኳ ከመተላለፉ በፊት በሒሳብ ማወቅ ይቻላል። ማወቅ እየተቻለ ሳያጣሩ ሕዝብ ላይ መልቀቅ ቸልተኝነት ነው። የቸልተኝነትን ዋጋ መክፈል ያለበት ደግሞ ቸልተኛው እንጂ ደንበኛው አይደለም።

*ስህተቱ የሚወለደው ሲጋቡ ነው*

እስቲ የኔን ኪራይ እንከተለው። አንዱ ሲስተም ሌላውን የሚያናግርበትን በር ባለሙያዎቹ ዌብ ሰርቪስ ይሉታል። ባንኩ ከሂሳቤ ይቀንሳል፤ ለማገናኛው መልእክት ይልካል፤ ማገናኛው ለሞባይል ገንዘቡ ያደርሳል፤ እዚያ ይጨመራል፤ ከዚያ «ደርሷል» የሚለው መልስ በመጣበት መንገድ ይመለሳል። ቀላል ይመስላል።

አሁን የመልሱ መልእክት መንገድ ላይ ጠፋ እንበል። ባንኩ ምን ያድርግ? ሠላሳ ሰከንድ ጠብቆ «አልደረሰም ማለት ነው» ብሎ ብሩን ቢመልስልኝ፣ እዚያ ማዶ ግን ቀድሞ ገብቶ ከሆነ፣ አንዱ ብር ሁለት ሆነ። ባይመልስልኝ፣ እዚያም ካልገባ፣ ብሩ ጠፋ። ድጋሚ ቢልክ፣ የመጀመሪያውም ዘግይቶ ቢደርስ፣ አከራዬ ሁለት ኪራይ አገኙ። ልብ በሉ፦ ባንኩ ለብቻው ሲፈተሽ ትክክል ነው። የሞባይል ገንዘቡም ለብቻው ሲፈተሽ ትክክል ነው። ስህተቱ የሚወለደው ሁለቱ ሲጋቡ ነው።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን። ድረ ገጽ ስንልም ያንኑ ቃል ነው የተዋስነው። ድሩ አንበሳ የሚያስረው ስለበዛ ሳይሆን ስላበረ ነው። ከቁስቋም ቁልቁል ሽሮ ሜዳ ወርዳችሁ ሽማኔ ጠይቁ። ድሩ ሲዘጋጅ አንድ ክር ያለ ቦታው ከገባ ስህተቱ ከነጠላው ጫፍ እስከ ጫፍ ይከተላል። ስለዚህ ሽማኔው ማጉን ከመወርወሩ በፊት ድሩን ይቆጥራል። ሸምኖ ከጨረሰ በኋላ ገዢዋን «ነጠላሽ ተበላሽቷል፤ ከ72 ሰዓት በኋላ ተመለሺ» አይላትም።

*«ቴስት ተደርጓል» ለምን አይበቃም?*

«ተሞክሮ ነው የተለቀቀው» ይሉናል። ይሞከር እንጂ፤ ማን ከለከለ! ነገር ግን ቁጥሩን እዩት። ሁለት ሲስተሞች እያንዳንዳቸው አሥር አሥር እርምጃ አላቸው እንበል። የአንዱ እርምጃ ከሌላው እርምጃ ጋር የሚቀዳደምበትና የሚፈራረቅበት ቅደም ተከተል 184,756 ነው። ሦስተኛ ሲስተም ጨምሩ፤ ቁጥሩ ከ5 ትሪሊዮን 550 ቢሊዮን በላይ ይሆናል። የኔ ኪራይ ባንክ፣ ማገናኛና ሞባይል ገንዘብ ብሎ ሦስት ቤት ነው የዞረው። የትኛው ፈታኝ ነው ይህን ሁሉ ቁጭ ብሎ የሚሞክረው? ሺህ ጊዜ ሞክሮ ሺህ ጊዜ ቢሠራለት፣ ያየው ከባሕር በጭልፋ ነው። ቀሪውን የሚሞክረው ሕዝቡ ነው፤ በራሱ ብር፣ በራሱ ጊዜ።

ፎርማል ሜተድስ የሚባለው የሙያ ዘርፍ የተፈጠረው ለዚህ ነው። ስሙ ያስፈራል እንጂ ሐሳቡ ገበሬም ይገባዋል። ኮድ ከመጻፉ በፊት ሲስተሙ የሚገባባቸውን ሁኔታዎችና የሚላላካቸውን መልእክቶች በሒሳብ ቋንቋ ትጽፋለህ። ከዚያ መቼም መሆን የሌለበትንና የግድ መሆን ያለበትን ትጽፋለህ። ለገንዘብ ማስተላለፍ ሦስት ዐረፍተ ነገር ይበቃል፦

አንድ፦ ብር አይፈጠርም፣ አይጠፋም። ከመላኩ በፊትና በኋላ ድምሩ አንድ ነው።
ሁለት፦ አንድ ትእዛዝ ከአንድ ጊዜ በላይ አይፈጸምም፤ መልእክቱ አሥር ጊዜ ቢደርስም።
ሦስት፦ የተጀመረ ነገር መንገድ ላይ አይቀርም። መስመሩ ሲመለስ ወይ ለተቀባዩ ይገባል፣ ወይ ለላኪው ይመለሳል።

ከዚያ ኮምፒውተሩ ራሱ ንድፉ ሊደርስባቸው የሚችሉትን ሁኔታዎች አንድ በአንድ ያስሳል። መልእክት ቢጠፋስ? ቢዘገይስ? ሁለት ጊዜ ቢመጣስ? ማገናኛው መሃል ላይ ቢጠፋስ? ከሦስቱ ሕግ አንዱ የሚጣስበት መንገድ ካገኘ ከመጀመሪያው እርምጃ እስከ መጨረሻው ዘርዝሮ ያሳያል። ይህን አሰሳ በ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የፈጠሩት ክላርክ፣ ኤመርሰንና ሲፋኪስ የኮምፒውተር ሳይንስ ትልቁን ሽልማት፣ የቱሪንግን፣ ለ2007 ተሸልመውበታል። ስለዚህ ገና ጥሬ የሆነ የላቦራቶሪ ሐሳብ ነው የሚል ካለ አርባ ዓመት ዘግይቷል።

*ሌሎች ምን አደረጉ?*

የፓሪስ ሜትሮ 14ኛው መስመር እ.ኤ.አ. በ1998 ያለ ሹፌር መንገደኛ ማጓጓዝ ጀመረ። የደኅንነት ሶፍትዌሩ በሒሳብ ተረጋግጦ ነው የተሠራው። አማዞን ደግሞ የዳታ አገልግሎቶቹን ንድፍ ከ2011 ጀምሮ ሌስሊ ላምፖርት በፈጠረው ቲ.ኤል.ኤ. ፕላስ በተባለ ቋንቋ እየጻፈ ማሰስ ጀመረ። ባለሙያዎቹ በ2015 እንደጻፉት፣ በአንዱ አገልግሎት ላይ ማሽኑ ያገኘው ስህተት እንዲከሰት 35 እርምጃዎች በተወሰነ ቅደም ተከተል መገጣጠም ነበረባቸው። ንድፉን ብዙ ዓይን አይቶታል፤ ብዙ ተፈትኗል፤ ያንን መንገድ ግን ሰው አላየውም።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ሌላ ምሳሌ ነው። አንድ ቦታ መታወቂያህን አሳይተህ ብዙ አገልግሎት የምትገባበት አሠራር አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 ተመራማሪዎች ጉግል ይጠቀምበት የነበረውን የዚህ ዓይነት አሠራር በሒሳብ ጽፈው በማሽን አሰሱት። ማሽኑ ቀዳዳ አገኘ። ማረጋገጫው «ይህ ሰው እገሌ ነው» ይላል፤ ለማን እንደተጻፈ ግን አይናገርም ነበር። በቀበሌ ቋንቋ «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል ደብዳቤ ማለት ነው። ደብዳቤውን የተቀበለ አንድ ቀማኛ ድርጅት ይዞት ሄዶ አንተን መስሎ ጉግል ይገባል። ለጉግል ተነገረው፤ አስተካከለ። ማንም ሳይዘረፍ።

ይህን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። ፋይዳ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት አግኝቷል፤ ዛሬ የባንክ ሂሳብ ለመክፈት ይጠየቃል። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም ጀምሮ ከ50 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚ አፍርቷል። ነዳጅ፣ የትራፊክ ቅጣት፣ የትምህርት ቤት ክፍያ ሁሉ እዚያው ገብቷል። ይህ መልካም ነው፤ ወደ ኋላ እንመለስ የሚል ሰው አይደለሁም። ግን አንድ ድር በተጨመረ ቁጥር መጋጠሚያው ይበዛል። መጋጠሚያውን ማን ቆጠረው?

*መጋቢት 2016ን አንርሳ*

አርብ መጋቢት 6 ለቅዳሜ መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች ከሂሳባቸው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ እንደሚችሉ ተገነዘቡ። ወሬው በስልክ ከግቢ ግቢ ተዛመተ። ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ያሉ ኤቲኤሞች ፊት በሌሊት ሰልፍ ተሠራ። ባንኩ አገልግሎቱን ለሰዓታት አቆመ። የሳይበር ጥቃት አይደለም ተባለ። ብሔራዊ ባንክ በመግለጫው ነገሩን ከሲስተም ጥገናና ፍተሻ ሥራ ጋር አያያዘው። ባንኩ ያለአግባብ ወጣ ያለው ገንዘብ ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ ነው።

ይህን ሁሉ የፈጠረው የአንዲት ዐረፍተ ነገር መጣስ ነው፦ ወጪ ከቀሪ ሂሳብ አይበልጥም። የባንክ ሥራ ሀሁ ይህቺ ናት፤ የቤተ ክርስቲያን ጽዋ ማኅበር ገንዘብ ያዥ እንኳ ያውቃታል። ንድፉ በሒሳብ ተጽፎ፣ ጥገናም ሆነ ማሻሻያ ከመልቀቅ በፊት «ይህቺ ሕግ የምትጣስበት መንገድ አለ ወይ?» ተብሎ ለማሽን የሚሰጥ መጀመሪያ ጥያቄ እሷ ናት።

ከዚያ ምን ሆነ? ተማሪዎች እንዲመልሱ ተነገራቸው፤ ብዙዎች መለሱ፤ ባንኩም አብዛኛውን ገንዘብ አስመለሰ። ያልመለሱት ስምና ፎቶ ተለጠፈ። የሌለውን ብር እያወቀ ያወጣ ሰው ጥፋተኛ ነው፤ ይህን አላለባብስም። ግን አስተውሉ፦ ፎቶው የተለጠፈው በአንድ በኩል ብቻ ነው። በሩን ክፍት ትቶ ያደረ ጥበቃ ፎቶ አይለጠፍም ነበር።

ይህ አካሄድ የት እንደሚያደርስ ለማየት እንግሊዝን እዩ። የእንግሊዝ ፖስታ ቤት ሆራይዘን የተባለ፣ ፉጂትሱ የሠራውን ሲስተም እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ተከለ። ሲስተሙ በየቅርንጫፉ «ገንዘብ ጎድሏል» ማለት ጀመረ። የአገሪቱ ሕግ ደግሞ ተቃራኒው ካልታየ ኮምፒውተር በትክክል ይሠራል ብሎ ያምናል። ከ900 በላይ የቅርንጫፍ ኃላፊዎች በስርቆትና በሐሰተኛ ሂሳብ ተፈረደባቸው። እስር ቤት የገቡ፣ ቤታቸውን የሸጡ፣ ራሳቸውን ያጠፉ አሉ። የጎደለው ገንዘብ ግን ኮምፒውተሩ የፈጠረው ነበር። ፍርዱን በጅምላ የሻረው ሕግ የወጣው በግንቦት 2024 ነው፤ እኛ አገር የተማሪ ፎቶ ከተለጠፈ ሁለት ወር ገደማ በኋላ።

«ከእኛ ወጥቷል» የሚለው ስክሪን እንደ ምስክር ሲቆጠር የሚመጣው ይህ ነው። አከራዬ እኔን የተጠራጠሩት እኮ ኮምፒውተሩን ስላመኑ ነው።

*«እኛ ድሃ ነን» እና ሌሎች መልሶች*

ይህን ሐሳብ ለአንዳንድ የአይቲ ወዳጆቼ ሳነሳ ሦስት መልስ ይሰጡኛል።

የመጀመሪያው «ውድ ነው፣ ባለሙያም የለንም» የሚል ነው። መሣሪያው በነጻ ይገኛል። የአማዞን ባለሙያዎች እንደጻፉት፣ ጀማሪ መሐንዲሶቻቸው ሳይቀሩ ከዜሮ ተነስተው በሁለትና ሦስት ሳምንት ጠቃሚ ውጤት አግኝተውበታል። የእኛ ዩኒቨርሲቲዎች የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ፎርማል ላንጉዌጅና አውቶማታ የሚል ኮርስ ተምሮ ነው የሚመረቀው። ሁኔታና ሽግግር መሳል ያውቃል፤ «የት ይጠቅመኛል?» እያለ ለፈተና ሸምድዶ ይረሳዋል እንጂ። መልሱ ይኸው፦ እዚህ ይጠቅምሃል። ውድ የሆነው 801 ሚሊዮን ብር ነው።

ሁለተኛው «ሶፍትዌሩ ከውጭ የተገዛ ነው፤ ውስጡን አናየውም» የሚል ነው። እሺ። መጋጠሚያው ግን የእኛ ነው። ባንኩ ከማገናኛው፣ ማገናኛው ከሞባይል ገንዘቡ ጋር ምን እንደሚባባል፣ ስንት ሰከንድ እንደሚጠብቅ፣ መልስ ሲጠፋ ማን ምን እንደሚያደርግ የሚወስኑት እዚሁ አዲስ አበባ ስብሰባ ተቀምጠው ነው። ለማሰስ የሚያስፈልገው ያ ውል እንጂ የሻጩ ኮድ አይደለም።

ሦስተኛው «ችግሩ ኔትወርክና መብራት ነው፤ ሒሳብ መብራት አያመጣም» የሚል ነው። ይህኛው እውነት አለው። ሒሳብ የተቆረጠ ፋይበር አይቀጥልም። ያልጻፍከውንም ሕግ አያረጋግጥልህም፤ የተሳሳተ ሕግ ከጻፍክ ስህተትህን በትክክል ያረጋግጥልሃል። ይሁንና መብራት እንደሚጠፋና መስመር እንደሚቆረጥ እያወቅን፣ ሁልጊዜ መስመር ባለበት አገር እንዳለ አድርገን ንድፍ የምንሠራው ለምንድን ነው? ኔትወርኩ ደካማ በሆነበት አገር ነው ይህ ጥንቃቄ ይበልጥ የሚያስፈልገው። ዝናብ የሚበዛበት አገር ጣራውን ያጠብቃል እንጂ «ዝናቡ ነው ያበሰበሰን» ብሎ አይቀመጥም።

*ታዲያ ምን ይደረግ?*

ብሔራዊ ባንክ የክፍያ ሥርዓቱን የመቆጣጠር ሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 718/2003 ተሰጥቶታል። አዲስ አዋጅ አያስፈልግም፤ አንድ መመሪያ ይበቃል። አራት ነገር ይያዝበት።

አንደኛ፣ ሲስተሙን ከሌላ ድርጅት ጋር የሚያገናኝ ሁሉ የመጋጠሚያውን ውል በጥርት ያለ የሒሳብ ቋንቋ ጽፎ ያስገባ። የሚላላከው መልእክት፣ የሚጠብቀው ጊዜ፣ መልስ ሲጠፋ የሚወስደው እርምጃ፣ መቼም የማይጣሱት ሕጎች ይጻፉ። ሃያ ገጽ የእንግሊዝኛ ማኑዋል ውል አይባልም።

ሁለተኛ፣ ውሉ ከመገናኘቱ በፊትና ከእያንዳንዱ ማሻሻያ በፊት በማሽን ይታሰስ። አሰሳውን ድርጅቱ ብቻ ሳይሆን ገለልተኛ ወገን፣ ለምሳሌ ዩኒቨርሲቲ፣ ይድገመው።

ሦስተኛ፣ የማስረዳት ሸክም ከደንበኛው ይነሳ። አንዱ «ከእኛ ወጥቷል»፣ ሌላው «እኛ ጋ አልገባም» ካሉ ብሩ ወዲያው ለላኪው ይመለስና ሁለቱ ድርጅቶች እርስ በርሳቸው ይፈላለጉ። ያኔ ታያላችሁ፤ ጉድለቱ ከራሳቸው ኪስ ሲወጣ ሒሳቡን በሳምንት ይማሩታል።

አራተኛ፣ ትልቅ ብልሽት ሲደርስ የትኛው ሕግ በየትኛው እርምጃ እንደተጣሰ በዝርዝር ለሕዝብ ይነገር። አውሮፕላን ሲወድቅ የምርመራ ሪፖርት ይወጣል። የሚሊዮኖች ሂሳብ ሲናወጥም ከ«ይቅርታ እንጠይቃለን» ያለፈ ነገር ይገባናል።

እነዚህ አራት ነገሮች ቅንጦት አይደሉም። መንግሥት ጥሬ ብርህን ተው፣ ወረቀትህን ተው፣ በዚህ ድር ላይ ተራመድ ካለኝ፣ ድሩ እንደሚሸከመኝ አስቀድሞ የማሳየት ግዴታ አለበት። ወድቄ ካየሁት በኋላ አይደለም።

አከራዬ ብሩ ተመልሶ መምጣቱን ስነግራቸው ሳቁ። «አየህ፣ አልጠረጠርኩህም ነበር» አሉኝ። ጠርጥረውኝ ነበር። አልፈርድባቸውም። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን በየወሩ መጀመሪያ ኤቲኤም ሄጄ ብር አወጣለሁ፤ አሥራ አምስቷን እርምጃ እራመዳለሁ፤ እሳቸው ምራቃቸውን ጣታቸው ላይ ነካ አድርገው ይቆጥራሉ። «ልክ ነው ልጄ» ይሉኛል።

እማማ ኖት በኖት የሚያጣሩትን ያህል የማያጣራ ሲስተም ዘመናዊ አይባልም።